የነሐሴው ልኬት

ጎረቤቶቼ ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ግድግዳ እለካለሁ» እላቸዋለሁ። እዚህ ጎንደር አራዳ ውስጥ እስከ ዛሬ «ዛሬ ደግሞ ሜትርሽን የት ጣልሽው?» እያለች የምትስቅብኝ ባለሱቅ አለች። ሜትር አይደለም፣ ስንቴ ልንገራት! መዳፍ የምታክል መሣሪያ ናት። ጫፏ ላይ ክብ ነጭ ነገር አላት፤ እሱን ግድግዳ ላይ የተሳለ የጥንት ስዕል ላይ ቀስ አድርጎ ልጥፍ ማድረግ ነው። አትበሳም፣ አትፍቅም፣ አታቆሽሽም። ከስዕሉ ጀርባ ያለው ጭቃ ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ በቁጥር ትናገራለች። ቁጥሩ ከፍ ካለ እርጥብ ነው፣ ዝቅ ካለ ደረቅ። በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው።

ሲሰሙት ቀላል ነው። የደጋው አብያተ ክርስቲያናት ስዕል ግን ባዶ ድንጋይ ላይ አልተሳለም። የድሮ ሠዓሊዎች ግድግዳውን በጭቃና በጭድ መርገው፣ በላዩ የጥጥ ጨርቅ አጣብቀው፣ ጨርቁ ላይ ነው የሳሉት። ጭቃው ክረምቱን ሙሉ ውሃ ከጠጣ ጨርቁን ይዞ ይላቀቃል። ከፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ስዕሉ ምንም አልሆነም፣ እንደ ዱሮው ትክ ብሎ ያየዋል። ከዚያ አንድ ቀን ዘጭ ይላል። በየወሩ የምንለካው ለዚህ ነው።

የማወራላችሁ ቤተ ክርስቲያን ከመካነ ብርሃን ወዲያ ነው፤ ማኪና ከሚቆምበት ሜዳ በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ክብ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መካከሉ ላይ መቅደሱ። በመቅደሱ ምዕራብ ግድግዳ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተስላለች፣ በሰሜኑ ግድግዳ ፈረሰኞቹ ሰማዕታት አሉ። ሁለቱም በወፍራም መጋረጃ ይሸፈናሉ።

መጀመሪያ መሣሪያዋን ይዤ የሄድኩ ዕለት ሰበካ ጉባኤው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። የአገሩ ሰው ሁሉ «አያ» የሚላቸው አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣ «መሣሪያው ይሁን። ሴት ልጅ ግን መግባት የማትችልበት ቀን አላት፣ ይህ የታወቀ ነው። በየወሩ ይለካል ካላችሁ ያን ጊዜ ማን ሊለካ ነው?» አሉ። ልክ ነበሩ እኮ! ለሥራው አስበው የጠየቁት ሸጋ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ስንት ሥልጠና ወስጄ፣ በዚህ ልጠየቅ? «አያ፣ እሱን ለእኔ ይተዉት። አንድም ወር አላጎድልም» አልኳቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ምላሴን በቆረጠው!

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ሊቀመጡ ሲሉ ቄሰ ገበዙ ተነሡ። ቄሰ ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ቁልፍ የሚይዙት ቄስ ናቸው። ያን ጊዜ ከእኔ ጋር ገና አንድ ሰዓት እንኳ አልተዋወቅንም። «ልጅቱ ለቤቱ ብላ ነው ይህን ሁሉ ዳገት የወጣችው። በእሷ በኩል ለሚመጣው እኔ እጠየቃለሁ» አሉ። በዚሁ ጸደቀ።

ከዚያ ወዲህ ልኬቱ የሁለታችን ሥራ ሆነ። ስዕሉ ላይ ምልክት ማድረግ ስለማይቻል፣ ከመጋረጃው እንጨት ላይ ሦስት ክር አወርዳለሁ፤ ክሮቹ ላይ ቋጠሮ አለ፤ በየቋጠሮው ትይዩ መሣሪያዋን አሳርፋለሁ። እሳቸው መጋረጃውን በአንድ እጃቸው ገልጠው፣ በሌላው ክሩን ይዘው በግዕዝ ይቆጥሩልኛል። «አሐዱ። ክልኤቱ። ሠለስቱ።» መሣሪያዋን አንድም ቀን ነክተዋት አያውቁም። ወደ ስዕሉ ጠጋ ስል ግን ትንፋሻቸውን ውጥ ሲያደርጉ ይሰማኝ ነበር።

ሁልጊዜ የምሄደው ከወርኃዊው የማርያም በዓል ማግስት ነው። ከወሮቹ ሁሉ ከባዱ ነሐሴ ነው። ሁለት ወር ዘንቧል፤ ፍልሰታን ሕዝቡ በሙሉ ዝናብ የጠጣ ጋቢውን እንደለበሰ እዚያው ቆሞ ሲያስቀድስ ሰንብቷል፤ የቤቱ አየር ራሱ ይጨመቃል። የነሐሴው ቁጥር ከፍ ካለ፣ ከቅርስ ቢሮአችን ጠጋኞቹ በአስቸኳይ ወጥተው ስዕሉ ላይ ስስ ወረቀት በሙጫ ይለጥፋሉ፤ ግድግዳው እስኪደርቅ ጨርቁን ደግፎ ይይዘዋል። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ግን ጠጋኞቹ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ያች ስዕል በቦታዋ የምትቆየው በዚያ ቁጥር ነበር። ይህንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አምና ነሐሴ፣ መካነ ብርሃን አድሬ ጠዋት ስነሣ የወር አበባዬ መጥቷል። ገና ሳምንት ይቀረው ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጣሪያውን አየሁ። አሁን ሳስበው መፍትሔው ሞልቶ ነበር። ቢሮ ደውዬ ልኬቱ በሳምንት ይራዘም ማለት ነበር። ለቄሰ ገበዙ «አባ፣ ዛሬ መግባት አልችልም» ማለት ነበር፤ እዚህ አገር ያደገ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይጠይቅም። ግን አያስ? «ያን ጊዜ ማን ሊለካ ነው?» ያሉት ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ ነበር። ደግሞ ሾፌራችን በሩን እያንኳኳ «ምነው ዘገየሽ፣ ዝናቡ ሳይመጣ እንመለስ እንጂ!» ይለኛል። ምንም ሳልወስን ማኪናው ውስጥ ገባሁ።

ሾፌሩን ሜዳው ላይ ትቼው ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። ደፍሬ ልግባ? አልልም። ሥልጠናው ሌላ፣ እናቴ ያሳደገችኝ ሌላ። እንደዚያ ሆኜ መጋረጃ ውስጥ መግባት አልቻልኩም። ታዲያ እውነቱንም መናገር አልቻልኩም። የግቢው በር ላይ ስደርስ እግሬን ወለም አለኝ።

አዎ፣ ዋሸሁ። ቄሰ ገበዙ ሊቀበሉኝ ሲመጡ ጥዱ ሥር ቁጭ ብዬ ቁርጭምጭሚቴን ይዤ አገኙኝ። «ውይ ልጄን! ወጌሻ ይጠራ!» ብለው ሊሮጡ ሲሉ እንደምንም ያዝኳቸው። «ወጌሻ አያስፈልግም አባ። ደረጃውን መውጣት ብቻ ነው ያቃተኝ። ዛሬ እርስዎ ይለኩልኝ» አልኳቸው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «እኔ?» አሉ። መሣሪያዋን የግቢው በር ግንብ ላይ ልጥፍ አድርጌ አሳየኋቸው፤ ቁጥሩ እንዴት እንደሚመጣ አሳየኋቸው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። መሣሪያዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ ልክ እንደ ጽዋ በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ከጀርባቸው ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

እሳቸው እንደገቡ ባለቤታቸው ቅቤ በቅል ይዘው መጡ። ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው አላውቅም። አሮጊት ናቸው፤ ከፊቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉና እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው ያሹኝ ጀመር። ጤነኛውን እግሬን! እብጠቱን በጣታቸው ፈለጉ ፈለጉ፣ አጡት። «እግርሽ ሸጋ ነው እኮ ልጄ» አሉ። «ውስጥ ውስጡን ነው እናቴ» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ፈገግ አሉ፣ ማሸታቸውንም አልተዉም። ትንሽ ቆይተው፣ «እኔም በወጣትነቴ እዚችው ጥድ ሥር ቁጭ ብዬ ያስቀደስኩበት እሑድ ስንት ነው መሰለሽ። ሴት ሆኖ ያልተቀመጠባት የለም» አሉ። በሩን በርግደው ከፈቱልኝ እንግዲህ፣ ከዚህ በላይ ምን ያድርጉ? እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለ ዝናቡ ጠየቅኳቸው።

ቄሰ ገበዙ ላብ በላብ ሆነው ወጡ። ወረቀቱን ሰጡኝ። ቁጥሮቹን ሁሉ በግዕዝ አኃዝ፣ ጥንቅቅ ባለች ጽሕፈት አስፍረዋቸዋል። አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። በሐምሌ እኔው ራሴ የለካሁት ግድግዳ ውሃ ጠግቦ ነበር። የእሳቸው ወረቀት ግን ከሐምሌው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በጥር በየካቲት እንኳ አይቼው የማላውቀው ደረቅ ነው። ከዚያ ሁሉ ዝናብ በኋላ! ሊሆን አይችልም። አወቅሁ። እዚያው፣ እግሬ በቅቤ ወዝቶ፣ ልክ እንዳልሆነ አወቅሁ።

«እንዴት አድርገው ለኩት?» ማለት ነበረብኝ። አንድ ጥያቄ። ግን ብጠይቅ «ነይ ግቢና አሳዪኝ፣ ደግፌ ላስገባሽ» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ደግሞ እንደ ተፈታኝ ቆመው ፊቴን ያዩኛል። «ደኅና ነው ልጄ?» አሉኝ። «ሸጋ ነው አባ፣ ደረቅ ነው» አልኳቸው። «ተመስገን!» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ተሳለሙ። እኔ እስከ ማኪናው ድረስ እያነከስኩ ወረድኩ፤ ከዓይናቸው ከተሰወርኩ በኋላ እንኳ ማነከሴን መተው ረስቼ ነበር።

ጎንደር ገብቼ ቁጥሮቹን እንዳሉ ጽፌ፣ ፈርሜ ለአለቃዬ ሰጠሁ። አለቃዬ ደስ አለው። ጠጋኞቹ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተላኩ። ማታ ማታ ለራሴ «ምናልባት ጣሪያውን ጠግነውት ይሆናል፣ ምናልባት ነፋስ ገብቶበት ይሆናል» እል ነበር። ሰው ራሱን ሲያታልል ምክንያት አያጣም መቼም።

መስከረም መስቀል ሊደርስ ሲል ስልኬ ጠራ። ቄሰ ገበዙ ነበሩ። «ልጄ፣ እመቤታችን ወረደች» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። በቅዳሴ መካከል፣ ከወገቧ በታች ያለው ከነጭቃው ተላቆ መጋረጃውን ይዞት ወረደ። ሰው አልተጎዳም። ስልኩን እንደያዝኩ ወንበሩን በዳበሳ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ወጣሁ፣ አየሁ። የልጇ እግርና የእሷ ልብስ በነበረበት ቦታ ጥቁር እርጥብ ጭቃና ጭድ አለ። የወደቀውን ጨርቅ ቄሰ ገበዙ ቁርጥራጩን ሳይቀር ለቅመው በነጭ ነጠላ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። እሳቸው ግን ከቤቱ ውስጥ አልነበሩም። ሕዝቡ «መሣሪያ ያስነካት እሱ ነው፣ በእጁ የለካት እሱ ነው» ብሎ አጉረምርሞባቸዋል። እሳቸውም ሳይጠየቁ ቁልፉን ለጉባኤው አስረክበው፣ እንኳን መቅደስ ሊገቡ፣ ከደጅ ቆመው እንደ ንስሐ ገቢ ያስቀድሱ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ ቤት ወጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሲያዩኝ እንባቸው መጣ።

«እንዴት ነበር የለኩት አባ?» አልኳቸው። ያኔ ነው የጠየቅሁት፣ ጊዜው ካለፈ።

«እንዳሳየሽኝ ነው። ልጥፍ አድርጌ።»

«ስዕሉ ላይ?»

«ምነው ልጄ! በዚህ በኃጢአተኛ እጄ እመቤቴ ልብስ ላይ መሣሪያ ላሳርፍ? እሱማ ያንቺ ሥራ ነው፣ ተምረሽበታል። እኔ መጋረጃውን አልገለጥኩም፤ በመጋረጃው ላይ ነዋ የለካሁት።»

የዚያ ቤት መጋረጃ ገበር ያለው፣ ሁለት ጣት የሚያህል ነው። መሣሪያዋ ያነበበችው ጨርቅና ባዶ አየር ነበር። እንዲህ እንደሚያደርጉ ማወቅ ነበረብኝ፤ በየወሩ ወደ ስዕሉ ስጠጋ ትንፋሻቸውን ውጥ ሲያደርጉ የሰማሁ እኔ ነኝ። ሌላ ቄስም ቢሆን ከአክብሮት የተነሣ እንዲሁ ያደርግ ነበር።

«በእኔ ነው የወረደችው?» አሉኝ።

«አይደለም አባ።»

«ታዲያ በማን ነው?»

እዚህ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። ለዚያ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስለማመደው ነው የመጣሁት። አፌን ከፈትኩና፣ «መሣሪያዋ ናት፣ ተበላሽታ ነበር» አልኩ። ያቺ መሣሪያ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

«እንግዲያው ይህንን ለሕዝቡ ንገሪልኝ» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆምኩ። «ጥፋቱ የቄሰ ገበዙ አይደለም፣ መሣሪያው ተሳስቶ ነው» አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቁልፉ እዚያው ተመለሰላቸው፤ ሰው ሁሉ መስቀል ሊሳለም ተጋፋ። እኔንም መረቁኝ፣ እውነት ተናጋሪ ብለው! የማፍርበትን ልንገራችሁ? ደስ ብሎኝ ነበር። ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ባለቤታቸው መጥተው አቀፉኝና በጆሮዬ «እግርሽ ዳነልሽ?» አሉኝ።

ከዚያ አያ ተነሡ። አንደበተ ርቱዕ ናቸው፣ ጩኸት አይወዱም። «ልጅቱ እውነቱን ስለነገረችን ትባረክ። እንግዲህ መሣሪያው ይዋሻል ካለች፣ የሚዋሽ ነገር ወደዚህ ቤት ዳግመኛ አይግባ» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ምን ብዬ ልቃወም? ቃሉ የእኔው ነው። ሰሜኑ ግድግዳ፣ ፈረሰኞቹ ሰማዕታት፣ እንዲሁ ሳይለኩ ቀሩ። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፣ ጣሪያውም ያው ጣሪያ።

ስሰናበት ቄሰ ገበዙ ሸኙኝ። መጨነቄን አይተው፣ «አይዞሽ፣ እኔ በእጄ እየዳሰስኩ እነግርሻለሁ» አሉ። ከፈረሶቹ ኮቴ በታች ስዕል የሌለበት ባዶ ምርጊት አለ። እሱን በእጅ ጀርባ መንካት ነው፤ እርጥብ ከሆነ ይቀዘቅዛል። ከመሣሪያው ጋር አይወዳደርም፣ ከምንም ግን ይሻላል። ከዚያ ወዲህ ከማርያም ማግስት ሁልጊዜ ይደውሉልኛል። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ይወጣሉ፤ ነፋሱ ይሰማኛል። «ደረቅ ነው ልጄ። ሸጋ ነው» ይሉኛል። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ አሉኝ። በበጋውም ደረቅ፣ በሐምሌውም ደረቅ። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» እያልኩ እዘጋለሁ። በሐምሌ እንዴት ደረቅ ይሆናል ብዬ አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ አልወድም መቼም፣ ታውቁኛላችሁ።

ዘንድሮ ነሐሴ ደወሉ። ጎንደር ሳምንቱን ሙሉ ሳያባራ ዘንቧል፤ የእኔ ቤት ግድግዳ እንኳ ሻግቷል። «ደረቅ ነው ልጄ» አሉ። በዚህ ጊዜ አላስቻለኝም።

«አባ፣ በእጅዎ ጀርባ ነው የነኩት? ቀዝቀዝ አላለዎትም?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተቋረጠም።

«ልጄ» አሉ፣ «አልነካሁትም።»

«ዛሬ?»

«አንድም ቀን። ከዚያ ወዲህ እጄን ወደ ግድግዳው ማቅረብ አልቻልኩም። ልዳስሰው ብዬ እቆማለሁ፣ ሳልነካው እመለሳለሁ። ብነካው እሱም የሚወርድ ይመስለኛል። መሣሪያዋን የወቀስሻት እኔን ለማውጣት ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለቤቴም ምክንያቱ መሣሪያዋ አለመሆኗን ነግራኛለች፣ ምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። በእኔ እጅ ነው የወረደችው፣ አንቺ አዝነሽልኝ ሸፈንሽኝ። እኔ ደግሞ እንዳትጨነቂ ብዬ ደረቅ ነው እያልኩ ዋሸሁሽ። ካህን ሆኜ ዋሸሁሽ። ይቅር በይኝ።»

ዓመት ሊሞላው ነው። ሕዝቡ ነጻ ናቸው ብሏቸው፣ ቁልፉን ይዘው፣ በየዕለቱ እየቀደሱ፣ ለካ እሳቸው በልባቸው እስከ ዛሬ ከደጅ ናቸው። ከዚያ የሚያወጣቸው የእኔ አንድ ቃል ነበር። አፌ ላይ ነበር፤ እኔ ነኝ አባ፣ እርስዎ አይደሉም፣ ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ ያን ዕለት አውቄ ነበር። ይህን ማለት ብቻ ነበር። ከዚያ ምክንያቱን ይጠይቁኛል፣ ከምክንያቱም ጋር አንድ ዓመት ሙሉ ሌላው ግድግዳ ለምን እንዳልተለካ መናገር ሊኖርብኝ ነው። እሳቸው ነፋሱ ውስጥ ቆመው መልሴን ይጠብቃሉ። ሲያስነጥሱ ሰማሁ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ ደግመው።

«ይቅር ብያለሁ፣ አባ» አልኳቸው።